ስለ መብራቱ

ረቡዕ፣ ከሰዓት በኋላ
በሙቀቱ ወር መጨረሻ

ለልጄ፣

ጤናሽ እንዴት ነው? ባልሽስ፣ ልጆቹስ? እኛ አለን። ወገቤ አሁንም ይናገራል፤ እኔ ግን አልመልስለትም። ሙቀቱ ዘንድሮ ለጉድ ነው። ቆርቆሮው ከረፋዱ ጀምሮ ስለሚግል መጋረጃውን ሁሉ ዘግተን በድንግዝግዝ ነው የምንውለው። እናትሽ አሁን ጎረቤታችን ስፌተኛዋ ዘንድ ሄዳለች። ሁለቱ ወሬ ከጀመሩ ቶሎ ስለማይነሱ እስክትመለስ እጽፍልሻለሁ።

ስልክ እያለ ደብዳቤ መጻፌ ሳይገርምሽ አይቀርም። ስልኩ ሲጮህ ቀድማ የምታነሳው እናትሽ ናት፤ ድምፁንም ከፍ አድርጋ ለቤቱ ሁሉ ነው የምታሰማው። እኔ የምነግርሽ ደግሞ እሷ እንድትሰማው የማልፈልገውን ነው። ድሮ ቢሆን ደብዳቤውንም ከትከሻዬ በላይ አጮልቃ ታነበው ነበር። ማንበቡ እንደቀረ ታውቂያለሽ። ምን ያህል እንደቀረ ግን አታውቂም። እኔም አላውቅም ነበር።

ሐኪሙ ያለንን ነግሬሻለሁ። የዓይኗ ግፊት ከፍ ብሏል፤ የጠፋው አይመለስም፤ የቀረውን ቀዶ ጥገና ሊያተርፈው ይችላል፤ ያ ደግሞ እዚህ አይሠራም። አንቺ እኔ ዘንድ ትምጣ አልሽ። እሷ ገና አያለሁ፣ ሲብስብኝ እመጣለሁ አለች። ከዚያ ስልኩን ለአባባ ስጪው ብለሽ፣ «አባባ፣ እውነት ታያለች?» ብለሽ ጠየቅሽኝ። ገንዳው ውስጥ ያሉትን ኮራሎች አንድ በአንድ በየቀለማቸው ትለያለች አልኩሽ። አመንሽኝ። እኔ ነገር ለማሳመር ብዬ እንደማልናገር ስለምታውቂ ነው ያመንሽኝ። ትንሽ ሳለሽ ፈረስ ስለሽ ስታመጪልኝ፣ ሌላው ሰው ሁሉ ሲያደንቅልሽ እኔ ውሻ ነው ብዬሽ አለቀስሽ። ውሻ ነበር። አሁን ስለ ኮራሎቹ የነገርኩሽ ትክክል አልነበረም። እንዴት እንደሆነ ከመጀመሪያው ልንገርሽ፤ ነገሩ በሙሉ ከመብራቱ ጋር የተያያዘ ስለሆነ ስለ መብራቱ ሳልጽፍ ልጽፈው አልችልም።

ከሐኪሙ ዘንድ የተመለስን ቀን እናትሽ አንቺ ትተሽው በሄድሽው የመስታወት ገንዳ ፊት ቆማ፣ ዓሣዎቹ ሁሉ ግራጫ ሆነውብኛል፣ ደመቅ ያለ ቀለም ያለው ነገር ቢኖርበት ይታየኝ ነበር አለች። እናትሽ በዕድሜዋ ይህን አምጣልኝ ያለችኝን ነገር ብትቆጥሪው ከእጅ ጣት አይበልጥም። ስለዚህ በማግስቱ የጌጥ ዓሣ ሻጩ ዘንድ ሄድኩ። ባሕር አይቶ የማያውቅ የባሕር ነጋዴ ነው፤ ግን ሥራውን ያውቃል። ቀለም ከፈለጉ ኮራል ነው አለኝ። ድንጋይ ልትሸጥልኝ ነው ወይ ስለው፣ ድንጋይ አይደለም፣ ሕይወት ያለው ነው፣ የሚበላውም ብርሃን ነው፤ እርስዎ ቤት ያለው ረጅሙ አምፖል ለዓሣ እንጂ ለዚህ አይበቃም አለ።

ዕድሜዬን በሽቦና በሞተር ጥገና ያሳለፍኩ ሰው ነኝ፤ ብርሃን ጎደለ ከተባለ ብርሃን መጨመር ነው የማውቀው። ከአንድ መጋዘን የወረደ ፓውዛ አገኘሁና ጠጋግኜ ከጣሪያው በሰንሰለት አንጠለጠልኩት። ዓሣዎቹን ለሻጩ ሰጥተን ገንዳውን ጨው ከሌለው ውሃ ወደ ጨው ውሃ አዞርነው። ኮራሎቹ ሲመጡ የየአንዳንዱን ቦታ የመረጠችው እናትሽ ናት። ሮዟን ከፊት፣ ከመስታወቱ አጠገብ፤ ሐምራዊዋን መሐል፣ ከፍ ብላ፤ አረንጓዴውን ጥግ። ይህን አስታውሺ፤ በኋላ ይመጣል።

ፓውዛው ሲበራ እውነትም የሚያምር ነበር። ችግሩ፣ መብራት ብቻ አልነበረም፤ ምድጃም ነበር። በመስኮቱ ሐምራዊ ብርሃን ወደ መንገድ ስለሚወጣ ደግሞ አንድ አላፊ ቡና ቤት መስሎት በሩን አንኳኩቶ የቀዘቀዘ ቢራ አለ ወይ ብሎ ጠየቀ። እናትሽ፣ «ቀዝቃዛ ነገር እዚህ ቤት የለም፣ ባለቤቱም ቢሆን የጋለ ነው» ብላ መለሰችለት። ስፌተኛዋ ያን ቀን የሳቀችው ሳቅ እስከ ዛሬ አላለቀም።

ውሃው ሲሞቅ ኮራሎቹ መኮማተር ጀመሩ። ሁለት ቬንትሌተሮች ሞተራቸው ተቃጥሎ የተጣሉ ነበሩ፤ የሞተራቸውን ሽቦ እንደገና ጠቅልዬ አስነሳኋቸውና በውሃው ላይ እንዲነፍሱ አድርጌ ገጠምኳቸው። ውሃው እየተነነ ይቀዘቅዛል። ቬንትሌተሮቹንና መብራቱን በአንድ ማብሪያ አሰርኳቸው። መብራቱ ሲበራ አብረው ይነሳሉ፣ ሲጠፋ አብረው ያርፋሉ። ሰው ይረሳል፣ ማብሪያ አይረሳም ብዬ ነው። ውሃው በተነነ ቁጥር ግን ይጎድል ነበርና የጎደለውን በጨው ውሃ እየሞላሁ ከረምኩ። ዓሣ ሻጩ መጥቶ ሲለካው ራሱን ያዘ። «ጋሼ፣ የሚተነው ውሃው እንጂ ጨው አይተንም እኮ!» አለኝ። እናትሽ ወንበሯ ላይ ሆና፣ ወጥ ሲሠራ አይቶ ስለማያውቅ ነው አለችው።

አንቺ የላክሽልን መብራት የደረሰው በዚህ መካከል ነው። ኤልኢዲ። ነካሁት፣ አይሞቅም። የማይሞቅ ብርሃን አላምንም ብዬ ከነሣጥኑ አልጋ ሥር ከተትኩት። እናትሽ፣ «አንተ ሰውዬ፣ ጣትህ ካልተቃጠለ በርቷል ብለህ አታምንም» አለችኝ። እውነቷን ነው። ቴርሞሜትሩ አልወርድ ሲል ግን ፓውዛውን አውርጄ ያንቺን ሰቀልኩ። ቬንትሌተሮቹን አልነቀልኳቸውም፤ ከአዲሱ መብራት ጋር በዚያው በአንድ ማብሪያ አስቀጠልኳቸው። አብሮት የመጣው ወረቀት መጀመሪያ ዝቅ አድርጋችሁ አላምዷቸው፣ ቀስ እያላችሁ ጨምሩ ይላል። ብርሃን ምን መላመድ ይፈልጋል ብዬ እስከ ጥግ ለቀቅሁት።

ሮዟ ነጣች። ለመብራቱ ቅርብ ስላልነበረች አትጎዳም ብዬ ነበር፤ ቀድማ የነጣችው ግን እሷ ናት። ሳምንት ሳይሞላ እንደ ጥጥ ሆነች። እናትሽ ገብታ እስክትቆጣኝ ድረስ ጠበቅሁ። መጥታ ወንበሯ ላይ ተቀመጠችና መስታወቱን እየተመለከተች፣ ሮዟ ዛሬ እንዴት አምራለች አለች።

እናትሽ ስህተቴን አይታ በዝምታ አልፋኝ አታውቅም። ስለዚህ አዘነችልኝ ብዬ ነው ያሰብኩት። ሽማግሌ ነው፣ ይለፈው ብላ። ይህ ከስድብ በላይ አስከፋኝና ያን ቀን አላናገርኳትም። ዓሣ ሻጩ ስለ ሮዟ ስነግረው፣ ነጣች ማለት ሞተች ማለት አይደለም፤ መብራቱን ዝቅ ያድርጉ፣ ውሃውን ያቀዝቅዙ፣ ከዚያ መጠበቅ ነው አለኝ። ዝቅ አደረግሁት።

ያንቺ መብራት እንዳልሽው አያሞቅም፤ ይህን በጽሑፍ እመሰክርልሻለሁ። ያለፈው ሳምንት ሙቀት ግን ከጣሪያው ነው የመጣው። መብራቱ ጠፍቶም ውሃው ይሞቃል። ስለዚህ ሰኞ ዕለት ማብሪያውን ለየሁት። እኩለ ቀን ላይ መብራቱ ጠፍቶ ቬንትሌተሮቹ ብቻ ይንፈሱ፣ መብራቱ ሲመሻሽ ይበራ ብዬ። ለእናትሽ አልነገርኳትም። ልደብቃት ብዬ አይደለም፤ ሽቦ በነካሁ ቁጥር ለቤተሰብ መግለጫ የምሰጥ ሰው አይደለሁም።

ቬንትሌተሮቹን አስነስቼ ከገንዳው ጎን ተንበርክኬ መፍቻዬን እየሰበሰብኩ ሳለ እናትሽ ከጓዳ ወጣች። ግድግዳውን በጣቷ እየዳበሰች መጥታ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች።

«ዛሬ በቀን አበራኸው?» አለች።

መጋረጃው ተዘግቷል። ገንዳው ጥቁር ነው። በመስታወቱ ላይ የሚታየው የእሷ ፊት ብቻ ነበር።

«ሐምራዊዋ ተከፍታለች» አለች። «እጆቿን እንዲህ ዘርግታ።» የራሷን ጣቶች ዘርግታ አሳየችኝ።

መብራቱ እኮ ጠፍቷል ልላት አፌን ከፈትኩ። ታውቂኛለሽ፣ ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። ከዚያ ሮዟ ትዝ አለችኝ። አላዘነችልኝም ነበር። አልታየቻትም ነበር። የምታውቀው ቬንትሌተሩ ሲነሳ መብራቱ እንደሚበራ ነው፤ ኮራሎቹን ደግሞ ቦታቸውን ራሷ ስለመረጠችው በልቧ ታውቃቸዋለች። ሞተር በዓይን አይታይም፣ በጆሮ ነው የሚታወቅ እያልኩ ስጨቀጭቃት የኖርኩት እኔ ነኝ። ከእኔ ተማሪዎች ሁሉ ጎበዟ እሷ ሆና ተገኘች።

ፊቷ ትንሽ ተለወጠ። «አልተከፈተችም እንዴ?» አለች።

«ተከፍታለች» አልኳት።

ያለፈው ይህ ነው። ደረቅ አድርጌ ጻፍኩት፤ ሌላ አጻጻፍ አላውቅም።

ትላንት፣ ጠጋኝ ነኝና ከመናገሬ በፊት ልለካው ብዬ፣ ኮሽ ሳላደርግ መጋረጃውን ገለጥ አድርጌ ከመስኮቱ ፊት ቆምኩ። ጭንቅላቷን አዙራ፣ ማነው እዚያ ብርሃኑን የከለለኝ አለች። ደግሜ ከወዲያኛው ጎን ሞከርኩት፤ አልዞረችም። በዚያኛው ዓይኗ ምንም የለም። በዚህኛው ግን ጥላ ትለያለች። ስለዚህ የቀረ አለ። ትንሽ ናት፣ ግን አለች። ሐኪሙ ሊተርፍ ይችላል ያለው ያችኑ እይታ ነው፤ በየቀኑም እየጠበበች ነው።

ለምን እንደምትደብቅ ደግሞ አውቄዋለሁ። ከስፌተኛዋ ጋር በአጥሩ ሲያወሩ ሰማሁ፤ ላዳምጥ ብዬ አይደለም፣ አጥሩ ነው የሳሳው። ልጄ ዘንድ ልሂድ ብል ይሄን ሰው ለማን ልተወው፣ በረሃብ ይደርቃል እንጂ የጎረቤት በር አንኳኩቶ ምሳ አይጠይቅም አለቻት። ገና አያለሁ የምትልሽ ለዚህ ነው። እኔ ደግሞ ታያለች እያልኩ እመሰክርላት ነበር። ሁለታችን ሆነን አንቺን አታለልንሽ፤ ልዩነቱ እሷ አውቃ ነው።

ስለዚህ ዛሬ ጠዋት የስፌተኛዋን በር አንኳኳሁ። ሰፈሩ «ቀጥ በል» የሚለኝ በከንቱ አይደለም፤ እግሬ ደጃፏ ድረስ የሄደው እየጎተትኩት ነው። እናትሽ ስትሄድ ምሳ ከእሷ ዘንድ ልበላ እችል እንደሆነ ጠየቅኋት። መቀሷን አስቀምጣ አየችኝና፣ «ቀጥ በል፣ ዛሬ ጎበጡ?» አለች። ለጊዜው ነው አልኳት። ከዚያ ሳቋን ትታ እሺ አለችኝ፤ ራትም ጨመረችልኝ። እናትሽን አሁን ያቆየችልኝም እሷ ናት።

አሁን የምልሽን ስሚኝ። በስልክ ትመጫለሽ ወይ ብለሽ አትጠይቂያት፤ አይሆንም ትላለች፣ አይሆንም ካለች ደግሞ አትመለስም። ግትርነት በዚህ ቤት የእኔ ብቻ ይመስልሻል። ራስሽ ነይ። የእሷን ትኬት ቆርጠሽ በእጅሽ ይዘሽ ነይ፣ ሻንጣዋን አብረሽ አዘጋጂ፣ ይዘሻት ሂጂ። ስለ እኔ ካነሳችብሽ አባባ ምሳ አግኝቷል፣ ራሱ ለምኖ ነው ያገኘው በያት። አታምንሽም፤ ስፌተኛዋን ጥሪያት፣ ትመሰክራለች። በጨለማ ገንዳ ፊት የሆነውን ግን እንዳትነግሪያት። እንዳወቅሁባት ካወቀች እዚያ ወንበር ላይ ተመልሳ አትቀመጥም።

እኔ አልመጣም። ኮራሎቹ ሰው ይፈልጋሉ፤ ውሃው በየቀኑ መሞላት አለበት፣ አሁን እንኳ ጨው በሌለው ውሃ መሆኑን ለምጃለሁ። ስትመለስም የምታየው ነገር ሊኖር ይገባል። የሮዟ ሥር ላይ ትንሽ ቀለም ያየሁ መስሎኛል። ግን ሰው የሚፈልገውን ነው የሚያየው፤ ዓሣ ሻጩ መጥቶ እስኪያይልኝ አልቆጥረውም።

ሽቦውን ደግሞ ትላንት ከሰዓት መልሼ እንደ ድሮው በአንድ ማብሪያ አሰርኩት። ቬንትሌተሩ ከተነሳ መብራቱ ይበራል። በሙቀቱ ሰዓት ሁለቱንም አጥፍቼ በጠርሙስ ውሃ በረዶ እያደረግሁ ገንዳው ውስጥ አንሳፍፋለሁ፤ ሲቀልጥ አውጥቼ ሌላ እከታለሁ። ጎንበስ ቀና ማለቱ ለወገቤ አይስማማውም። ዓሣ ሻጩ፣ ጋሼ፣ ቬንትሌተሩን ለብቻው ቢያስነሱት እኮ ይቀልልዎታል አለኝ። አውቃለሁ አልኩት። ከእንግዲህ እናትሽ በርቷል ካለች በርቷል። ደግሜ መዋሸት አልችልበትም፤ አንዷን እንኳ ከሰኞ ጀምሮ ተሸክሜ ደክሞኛል።

ልጆችሽ ይደጉልሽ፤ ጤና ከቤትሽ አይጉደል፤ ባልሽን ሰላም በይልኝ። እናትሽ እንደምታውቂው ደብዳቤ በጻፍኩ ቁጥር መጨረሻው ላይ «ዓይንሽን ለማየት ያብቃኝ» በልልኝ ትለኝ ነበር። እኔም ሁሉም ሰው የሚጽፈው ነው ብዬ እንደ ማኅተም እመታው ነበር። ዛሬ አላዘዘችኝም። እኔ ነኝ የምጽፈው፤ ቃሉንም እንደተጻፈ ውሰጂው። ዓይንሽን ለማየት ያብቃት። ፍጠኚ።

ድምጿ ከአጥሩ ወዲህ ተሰማ፤ እየመጣች ነው። ምን ጻፍክላት ብትለኝ ስለ መብራቱ እላታለሁ። ውሸት አይደለም።

አባትሽ